ልብ ለነካ፣ አምስት ነጥብ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለመርፌዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከቤቱ ታላቅ ሰው ለመላው ቤተሰብ፣ ለጎረቤትና ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ የወጣውን ይህን መግለጫ ቆመሽ አንብቢው። ድመቷ ከዛሬ ጀምሮ መኖሪያዋን ከሶፋው ሥር ወደ ስፌት መኪናዬ አናት አዛውራለች። ርክክቡ በሰላም ተጠናቋል። ተቃውሞ ያለው በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ እሷ ግን ማንበብ አትችልም። አሁን ተቀመጪ።

እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጤና የምጽፈው ይህችን ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ስለ ጤናው ማውራት ከጀመረ ወረቀት አይበቃውም። ስልክ ለምን አያነሡም ላልሽው፣ ስልኩ ድምፅሽን ቆርቆሮ እንደሚቀጠቅጥ ሰው አድርጎ ነው የሚያመጣብኝ። ደብዳቤሽን ግን ደጋግሜ ባነበው አይሰለቸኝም። በወረቀት እንቀጥል።

ወደ ቁም ነገርሽ ልምጣ። ሩብሪክ ያልሽውን ሰንጠረዥ ገልብጠሽ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ፤ መጀመሪያ ሳየው የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት መስሎኝ ነበር። በደንብ ገብቶኝ እንደሆነ እዪልኝ። አሥረኛ ክፍሎችሽ ሩቅ ላለ ሰው ደብዳቤ ይጽፋሉ። አንቺ ስታርሚ አራት ነገር ታያለሽ፤ ለእያንዳንዱም እስከ አምስት ነጥብ ትሰጫለሽ። ማን፣ ለማን፣ መቼ እንደጻፈ ይታወቃል? ጉዳዩ ግልጽ ነው? ፊደሉና ሥርዓተ ነጥቡ ተስተካክሏል? ልብን ይነካል? ይህንንም ገና ብዕር ሳያነሡ ግድግዳ ላይ ለጥፈሽላቸዋል፤ የሚጠበቅባቸውን አስቀድመው እንዲያውቁ፣ አንቺም የማን ልጅ ነው ሳትይ ሁሉንም በአንድ ዓይን እንድታዪ። ደግ አደረግሽ። እኔ ተማሪ ሳለሁ የሚጠበቅብኝን የማውቀው ከአርጩሜው በኋላ ነበር።

አራተኛው ረድፍሽ ላይ ግን ሳቅ ብያለሁ። በጉብዝናዬ ለአያትሽ የጻፍኩት ደብዳቤ በሷ ሚዛን አምስት፣ በአባቷ ሚዛን ዜሮ አግኝቷል።

ይህንንም ደብዳቤ አርሚልኝ፤ እንዳታዳዪልኝ። አሁን ደረጃውን ቀስ ብዬ ወርጄ ራሴ ፖስታ ቤት ላደርሰው ነው። ትናንትም ሄጄ ነበር፤ ቴምብር አልቆባቸው መለሱኝ። መንገዱ እንደምታውቂው ነው። የጋራዡ ሠራተኛ ያቺን ባርኔጣ አሁንም አልጣላትም፤ አናቷ ላይ ያለው ቀዳዳ ሰፍቶ መላጣው እንደ ሳንቲም ያበራል። አንድ ሚኒባስ ጣራው ላይ ከተጫነው ፍራሽ መሃል የአንድ እግር ቀይ ጫማ ተሸክሞ ሲያልፍ አየሁ፤ ሌላኛውን ማን አድርጎት ይሆን? ካፊያ ሲጀምር ጃንጥላዎቹ አንድ ላይ ተከፈቱና መንገዱ በሙሉ ክብ ክብ ሆነ። ፖስታ ቤት ስደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ፣ «አባቴ፣ ዛሬም ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ። «ነጥብ የሚሰጠው ካገኘ ይጽፋል» አልኳት።

አያትሽ

ጥቅምት 20

ይድረስ ለአባባ፣

መግለጫውን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሰው እያየኝ። ውጤትዎ እነሆ። ማን፣ ለማን፣ መቼ፦ አምስት። ጉዳዩ ግልጽ ነው፦ ሁለት፤ ስለ ጤናዎ በደንብ ጠይቄ የሰጡኝ መልስ ቀልድ ነው። ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ፦ አራት። ልብን ይነካል፦ አስቀውኛልና አምስት። ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ።

አሁን ግን የምሥቀው ለእርስዎ ስል ብቻ ነው።

የልጆቹን ሥራ አርሜ ውጤቱን ለጠፍኩ። አንዲት ተማሪ አለችኝ፤ ድምፅዋ ከራሷ አፍ ስለማይርቅ ጓደኞቿ ሹክሹክታ ይሏታል። የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ለቀረ ወንድሟ ነው የጻፈችው። ቀን የለውም፣ ምን እንዲያደርግላት እንደምትፈልግ አይታወቅም፣ ፊደሉ ተዘበራርቋል። ግን አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን ማስቀመጥ አቃተኝ። በሦስቱ ረድፎች ሁለት ሁለት፣ በአራተኛው አምስት ሰጠኋት። ከሃያ አሥራ አንድ፤ ለጥቂት አለፈች።

የምክትል ዳይሬክተሩም ልጅ እዚያው ክፍል ነው። እሱ በሦስቱ ረድፎች አምስት አምስት አገኘ፤ ደብዳቤው እንደ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ንጹሕና ባዶ ነው። ልብ ላይ አንድ ሰጠሁት። በማግሥቱ አባቱ ወረቀቱን ይዞ መጣ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «መምህርት፣ ልጄ አንድ ለምን እንዳገኘ አልጠይቅም። ሦስት ለማግኘት ምን ማድረግ እንደነበረበት ብቻ ይንገሩኝ» አለኝ።

አባባ፣ ዞሬ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን አነበብኩ። ሦስት በምን እንደሚገኝ አልተጻፈበትም።

አሁን ጉዳዩ ለትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ቀርቧል። አራተኛው ረድፍ ይሰረዝ ካሉ ሹክሹክታ ከአሥራ አምስት ስድስት ይኖራታል፤ ትወድቃለች። ይህ ሥራ ደግሞ የመንፈቁን ግማሽ ነጥብ ይይዛል። አክስቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ «ዓመት ከደገመች ሱቅ ትቀመጣለች፤ እኔ ሁለት ጊዜ አላስተምርም» ብላኛለች። ከኮሚቴው በፊት በሌሎቹ ረድፎች ላይ አንድ ሁለት ነጥብ ብጨምርላት ማንም አያውቅም። ማንም።

ምን ላድርግ?

መርፌዎ

ኅዳር 9

ይድረስ ለመርፌዬ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። «በዚህ ዕድሜዎ የምን ሥራ?» እንዳትዪኝ፤ ያለ ሥራ የሚውል ሽማግሌ ወሬኛ ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ከዚያ በላይ መጨመር አልችልም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ምክትሉን የሚሰድብ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ጥሩ ስድብ ነበር፤ በፊደልና በሥርዓተ ነጥብ አምስት ያስገኛል። ከዚያ ጥያቄውን ደግሜ አነበብኩትና ቀደድኩት። ሰውየው ልክ ነው። አይበለው እንጂ ልክ ነው።

አንድ የባንክ ሠራተኛ ደንበኛ ነበረኝ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ፣ «የሚያምርብኝን ኮት ስፋልኝ» አለኝ። መቀሱን አስቀመጥኩ። «ጌታዬ፣ ያማረብህ ጊዜ እጅጌው የት ይደርሳል?» ስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በጣቱ አንጓው ላይ እስኪያሳየኝ ድረስ አልቆረጥኩም። ለመለካት በመጣ ቀን እሱም እኔም ያንኑ አንጓ አየን፤ ጭቅጭቅ የለም። «የሚያምር» ብሎ ትቶኝ ቢሄድ ኖሮ እኔ የምሰፋው በኔ ዓይን ነው፤ እሱ የሚለብሰው በሱ ዓይን።

አንቺም «ልብን ይነካል» ብለሽ ግድግዳ ላይ ስትለጥፊ የማንን ልብ እንደሆነ አልጻፍሽም። ያንቺን ነው። ልጆቹ ደግሞ ልብሽ ውስጥ ገብተው አንጓውን ማየት አይችሉም። የኔ ደብዳቤ አስቆሽ አምስት አገኘ፤ በዚያ ቀን ጥርስሽን አሞሽ ቢሆን ስንት ሊያገኝ ነበር?

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የዚያችን ልጅ ደብዳቤ እንደገና አውጪው። የነካሽ የት ላይ ነው? ገጹን በሙሉ እንዳትዪኝ። ጣትሽን አንድ መስመር ላይ አስቀምጪና ንገሪኝ።

በስውር የምትጨምሪላትን ነጥብ ግን ተዪው። የልጅቷ ነገር አንጀቴን በልቶታል፤ ድንጋይ አድርገሽ እንዳታዪኝ። ግን በማታውቀው ነገር ካለፈች፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን ደግማ እንደምታደርግ በምን ታውቃለች? አንቺ በሌለሽበት ክፍል ማን ያለቅስላታል?

ስልክ አትደውዪ፤ ዕቃው አሁንም እንደተበላሸ ነው።

አያትሽ

ኅዳር 22

ይድረስ ለአባባ፣

ጣቴን አስቀመጥኩ። ሹክሹክታ ለወንድሟ እንዲህ ብላለች፦ «ጫማህ በሩ ጋ ነው። ስጠርግ አነሣዋለሁ፣ ጠርጌ ስጨርስ አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርጌ እመልሰዋለሁ።» የነካኝ ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለም። የምክትሉ ልጅ ደግሞ ስድስት ጊዜ «በጣም ናፍቀኸኛል» ብሏል። ናፍቆቱ ሐሰት ነው ማለት አልችልም። ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊጽፈው ይችላል። ጫማውን ግን ከሷ በቀር ያየው የለም።

እናም ረድፉን እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «ጸሐፊው በዓይኑ ያየውን፣ የራሱ የሆነ ነገር ያሳያል።» ስሜቱን በስሙ ብቻ የጠራ፣ አንድ። አንድ ነገር ያሳየ፣ ግን የማንም ቤት ሊሆን የሚችል፣ ሦስት። እሱ ብቻ ሊያየው የሚችለውን አሳይቶ ከጉዳዩ ጋር ያገናኘ፣ አምስት። የምክትሉ ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ዘግይቶ።

ኮሚቴው ፊት አዲሱን ሰንጠረዥ ዘረጋሁ። «ረድፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «አንድ የተሰጠውም፣ አምስት የተሰጣትም፣ ሁለቱም ይሰረዙ። ግን ባልነገርኳቸው መስፈርት አልፈርድባቸውም፤ አዲሱን በምሳሌ አስረድቻቸው ሁሉም እንደገና ይጻፉ። ስማቸው ተሸፍኖ ከሌላ መምህር ጋር ለየብቻ እናርማለን።» ምክትሉ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና የሰንጠረዡን ቅጂ ጠየቀ። ተፈቀደ።

ለሹክሹክታ ራሴ ነገርኳት። «ስለዚህ ወድቄአለሁ?» አለች። «ገና ነው» አልኳት። አክስቷም በር ላይ ቆማ እየሰማችን ነበር።

አሁን ለመለማመጃ አንድ ደብዳቤ እፈልጋለሁ፤ ልጆቹ ራሳቸው በአዲሱ ሰንጠረዥ እንዲያርሙት። የእርስዎን የመጀመሪያውን፣ የባርኔጣውን፣ ስም ሸፍኜ ላንብብላቸው ብዬ አስቤአለሁ። ማክሰኞ ሳምንት ነው። ካልፈለጉ ቶሎ ይጻፉልኝ።

መርፌዎ

ታኅሣሥ 1

ይድረስ ለመርፌዬ፣

ሥራዎቼ በትምህርት ቤት ሊጠኑ መሆኑን በደስታ ሰማሁ። ድመቷም ሰምታለች፤ አልተደነቀችም።

ኮሚቴው ፊት «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልሽ? ደግ አልሽ። መርፌ የሚወጋው ጨርቁን ነው፤ አንቺ ግን ሌላው እያየሽ ራስሽን ወጋሽ። ከዚህ በላይ ብናገር ትኮሪብኛለሽ።

አንድ ነገር ብቻ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ተዪው። ወረቀቱም ተጨማድዶ ይሆናል፣ ቀልዱም ለልጆች አይመጥንም። የኮቱን ውሰጂ፤ እሱ ይሻላል። ሰበብ እንዳትጠይቂኝ።

አያትሽ

ታኅሣሥ 19

ይድረስ ለአባባ፣

የመጨረሻ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከማክሰኞው በኋላ ነው። ይቅር ይበሉኝ፤ የመጀመሪያውን አንብቤላቸዋለሁ።

ልጆቹ ወደዱዎት። በአንደኛው ረድፍ አምስት፣ በሁለተኛው ተጨቃጭቀው ሦስት ሰጡዎት። አዲሱ ረድፍ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ በሙሉ «አምስት!» አለ፤ ባርኔጣው፣ ቀይ ጫማው፣ ጃንጥላዎቹ። ከዚያ ሹክሹክታ እጅዋን አወጣች። እኔ ክፍል ውስጥ እጅዋን ስታወጣ አይቻት አላውቅም።

«መምህርት፣ እኚህ ሰውዬ መንገድ አልወጡም» አለች።

«እንዴት?» አልኳት።

«ያዩት ሁሉ ከላይ ነው። የባርኔጣውን አናት፣ የመኪናውን ጣራ፣ የጃንጥላውን ክብ። መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ፊት ነው የሚያየው። ካፊያ ሲጀምር ደግሞ ይረጥባል። እሳቸው አልረጠቡም።»

የምክትሉ ልጅ ሳቀባት። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሎ ለራሱ አነበበና ሳቁን አቆመ። «እውነቷን ነው። መስኮት ላይ ናቸው» አለ። ሌላኛዋ ደግሞ «ድመቷስ? ልብስ ሰፊ ከሆኑ ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ ስትተኛ ለምን አያባርሯትም?» አለች። አባባ፣ እኔ ያንን ደብዳቤ አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። አሥሩንም ጊዜ ስቄአለሁ። አምስት ብዬ ሰጥቼዎታለሁ።

የቀረውን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም።

አብሮዎት ለሚኖረው ለአጎቴ ደወልኩ። «አስምለውኛል፤ ራሳቸውን ጠይቂ» አለኝ።

ልጆቹ ጻፉ። እኔና ሌላዋ መምህርት ለየብቻ አርመን ስናነጻጽር ከሁለት ሦስት ወረቀት በቀር ተስማማን። ስሙን ስንገልጥ ሹክሹክታ አሥራ ሦስት አግኝታለች። ቀን ጽፋለች፤ ወንድሟን ምን እንደምትጠይቀው አውቃለች፦ እንዲመለስ አይደለም፣ ጫማውን ለሌላ ሰው ልስጠው ወይ ብላ ነው የጠየቀችው። አልፋለች። አክስቷ ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችና፣ «ደብተር ስንት ገባ?» ብላ ሄደች።

የምክትሉ ልጅ አሥራ ሰባት አገኘ። የጻፈው ለአባቱ ነው። ሌላዋ መምህርት «አንድ ቤት አይደለም እንዴ የሚኖሩት? ይህ ሩቅ ነው?» አለች። ተውነው። ምክትሉ ነጥቡን አላየም፤ ደብዳቤውን ኮሪደር ላይ ቆሞ አነበበ። ደወል ተደውሎ ተማሪው ሁሉ ሲያልፍበት እዚያው ቆሞ ነበር።

አሁን የኔ ተራ ነው። መስፈርቱን አስቀድሜ እነግርዎታለሁ፤ በኋላ አላውቅም ነበር እንዳይሉኝ። አንድ ረድፍ ብቻ ነው ያለው፦ በእርግጥ የሆነውን ይነግረኛል። ቀልድ አይከለከልም። ነጥብ ግን አያስገኝም።

አባባ፣ ምን ሆነዋል?

መርፌዎ

ጥር 4

ይድረስ ለመርፌዬ፣

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጠዋት ተነሥቼ ሸሚዜን ስቆልፍ ግራ እጄ ቁልፉን አላገኘውም። ፈለገው፣ ፈለገው፣ ተወው። ልቀመጥ ስል ግራ እግሬ አብሮኝ አልተቀመጠም። አጎትሽ ከወለሉ ላይ አነሣኝ። ስትሮክ ነው አሉ። ያኔ ምላሴም ተሳስሮ ነበር፤ ስልኩ ደህና ነው፣ የተበላሸው እኔ ነኝ። ድምፄን ብትሰሚ ሥራሽን ጥለሽ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንደምትመጪ ስለማውቅ አጎትሽን አስማልኩት። እሱን እንዳትቆጪው። የምጽፈው በቀኝ ስለሆነ ፊደሌ አላሳበቀብኝም።

ለመስፋት ግን ቀኝ ብቻውን አይበቃም። ቀኝ እጅ መዘውሩን ያዞራል፤ ጨርቁን የሚመራው ግራ ነው። መኪናውን ለድመቷ የለቀቅኩት ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ከሚቀመጥበት ብዬ።

ወንበሬ መስኮቱ ጋ ነው። የባርኔጣው ቀዳዳ ከዚያ ይታያል።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር ያልኩሽ እውነት ነው። ሥራው ከወንበር መነሣት ነው። አጎትሽ ደግፎ የሚወስደኝ ክሊኒክ ውስጥ ሰውነት የምታፍታታ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት አለች፤ ካንቺ ብዙም አትበልጥም፤ «አባቴ» እያለች ታሠቃየኛለች። መጀመሪያ ቀን ምን አወጣች መሰለሽ? ሰንጠረዥ! ሰው ደግፎት የሚነሣ፣ አንድ። የወንበሩን ክንድ ይዞ የሚነሣ፣ ሁለት። ምንም ሳይዝ የሚነሣ፣ ሦስት። ከዚያ መቆም፣ ከዚያ መራመድ። እኔ «መቼ ነው የምድነው?» ስላት ጣቷን ሦስት ላይ አደረገችና «ቀጥሎ የምንሄደው እዚህ ነው» አለችኝ። አኩርፌ ነበር። ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ፤ ምክትሉ «ሦስት ለማግኘት ምን ማድረግ ነበረበት?» ያለው። እኔ እኮ ተነግሮኛል። አንጓውን በጣት አሳይተውኛል። መዳን የሚባለውን አላውቀውም፤ ከወንበር መነሣትን ግን አውቀዋለሁ።

አሁን ሁለት ላይ ነኝ። ሁለቱ የራሴ ነው፤ ማንም አልጨመረልኝም። ሦስትን አገኘዋለሁ ብዬ አልምልልሽም፤ ጣቷ ያረፈበትን ግን በየቀኑ አየዋለሁ።

ለዚያች ልጅ ልክ ነሽ ብለውሻል ብለሽ ንገሪልኝ። ጫማውንም ስጪው በያት፤ ግን ወንድሟ እስኪመልስላት ድረስ አትቸኩል። አንቺም በዕረፍትሽ ነዪ፤ ከዚያ በፊት አይደለም። ልጆችሽ የሚቀጥለውን ሰንጠረዥ እየጠበቁ ነው። ስትመጪ በሩን እኔ ልክፈትልሽ አልልም፤ ወንበሬ ላይ ሆኜ እጠብቅሻለሁ፤ ቆመሽ እንድታርሚኝ።

ለመጀመሪያው ደብዳቤ የሰጠሽኝን አምስት መልሰሽ ውሰጂ፤ አራት ይበቃኛል። የባርኔጣው ቀዳዳ፣ ቀዩ ጫማ፣ ጃንጥላዎቹ፣ ሁሉም እንዳየኋቸው ናቸው። ደረጃውን አልወረድኩም፤ ይህንን ሹክሹክታ ነግራሻለች፤ ደብዳቤዎቹን ፖስታ ቤት የሚያደርሰው አጎትሽ ነው። እሷም ያልደረሰችበት አንድ ነገር ይቀራል። የፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ያለችው፣ «ዛሬም ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አለ እንዴ?» ያለችኝ ልጅ የለችም። እሷን ፈጠርኳት። አጎትሽ እንደነገረኝ እዚያ የሚሠራው ቀና ብሎ ሰው የማያይ ጎልማሳ ነው። እኔ ግን በዚያ ቀን፣ እዚያ ድረስ በእግሬ ሄጄ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ሰው «አባቴ» ብሎ ቢያናግረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አያትሽ